ትርጉሙን ሳትጠይቅ የማትጠልፍ ሴት

ሰፈሩ ሁሉ መርፌ ይላታል። በሥራዋ ምክንያት የወጣላት ቅጽል ስም የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ጥልፍ ሰሪ መሆኗ እውነት ነው፤ መርፌ ያሏት ግን በአንዱ በር ገብታ በሌላው ስለምትወጣ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። ወንበር ታቀብላለች፣ በር ላይ የተዝረከረከ ጫማ ታስተካክላለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። እናቷ በሕይወት ሳለች «ለዚች ልጅ እግዜር እግር እንጂ መቀመጫ አልሰጣትም» ትል ነበር።

ሱቋ ከማዋለጃ ሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ ክር በቀለም በቀለሙ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ለደንበኛ አንድ በርጩማ። ለራሷም ወንበር አላት፤ አቧራውን ለመጥረግ ካልሆነ በቀር አትነካውም። የምትሠራው የሕፃናት ብርድ ልብስና ቆብ ላይ ስም መጥለፍ ነው። ሕግም አላት። ያልተወለደ ልጅ ስም አትጠልፍም፤ የተወለደውንም ቢሆን ትርጉሙ ካልተነገራት ክር አታስገባም።

«አንቺ ስሙን ጥለፊልኝ፤ ትርጉሙ ምን ያደርግልሻል?» የሚላት አይጠፋም።

«እኔ የማላውቀውን ነገር የሰው ልጅ ላይ አልሰፋም» ትላለች። ሰውየው ወዶም ባይሆን ይነግራታል፤ ካላወቀ ሄዶ ጠይቆ ይመጣል።

እንዲህ እንዲህ እያለች የዓለሙን ስም ለቀመችው። ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ የኃይል ስም ይበዛል። ቫለንቲና ብርቱ ማለት ነው። ማቲልዳ በጦርነት ኃያል። ከህንድ የመጣ አንድ ሐኪም ለልጁ ሻክቲ አስጠለፈ፤ ኃይል ማለት ነው። አንድ ባልና ሚስት ፅናት በሚለው ስም እዚያው በርጩማዋ አጠገብ ተጣሉ፤ ሚስትየው ለስለስ ያለ ስም ፈልጋ ነበር። መርፌ ማንም ሳይጠይቃት ለባልየው አደላች። «ወንድ ልጅን ያሻህን ብትለው ይኖራል። ለሴት ልጅ ግን ስሟ ዱላዋ ነው» አለች። አለች ብቻ ሳይሆን ታምንበታለች፤ የወለደቻትን አንዲት ልጅም የሰየመችው በዚሁ እምነት ነው።

የልጅቷን ስም ያመጣው ነፍሱን ይማረውና ባሏ ነው። ከባድ መኪና እየነዳ ሲዞር ከአንድ የሩቅ አገር ሾፌር ሰማው፤ በእነሱ ቋንቋ ብረት ማለት ነው። ሰፈሩ ቃሉ ምላሱ ላይ አልዞር ሲለው በትርጉሙ ብረቷ እያለ ጠራት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የብረቷን ስም ግን ሾፌር አወጣው፣ መርፌ ደግሞ ሌት ተቀን መዶሻ ይዛ ቀጠቀጠችው። ልጅቷ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ «ብረት ያለቅሳል እንዴ?» ትላታለች። አባቷ የሞተ ቀን ዘመድ አዝማድ ሲንሰቀሰቅ፣ ብረቷ ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ ልጅ ሆና ዓይኗን አድርቃ ለለቀስተኛው ውሃ ስታዞር፣ እናቷ «አያችኋት ልጄን?» አለች። ኮራችባት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያን ቀን አንድ ሰው ያቺን ልጅ ወደ ጓዳ ወስዶ ማቀፍ ነበረበት። የጠየቀኝ ግን የለም።

ብረቷ አደገች፤ ዳቦ መጋገሪያ ተቀጠረች፤ አንድ ግንበኛ አገባች። ባሏ ሥራ ይዞት ሌላ ከተማ እያለ፣ ጊዜዋ ሳይደርስ በድንገት ወለደች። ሴት ናት። ከአንድ ዳቦ ብዙም አትበልጥም። ሐኪሞቹ ከእናቷ እቅፍ ነጥለው ማሞቂያ ክፍል፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገቧት። ትተነፍሳለች፤ ድምፅ አውጥታ ግን አላለቀሰችም።

«ከዚህ ክፍል እስክትወጣ ስም አይወጣላትም» አለች ብረቷ፣ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች። «እማዬ፣ ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ» አለች መርፌ።

ሰማች እንጂ አልቻለችም። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከሱቅ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሱቅ፤ ክር ልትቆርጥ መቀስ ታነሳለች፣ ለምን እንዳነሳችው ይጠፋትና ይዛው መንገድ ትሻገራለች። የበሩ ዘበኛ «እትዬ፣ አስፋልቱን ፈጁት እኮ፤ ለሌላውም ይተርፉለት» ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችም። ያቺ ስም የሌላት ነፍስ ምኑን ይዛ ትቆይ? የምትል ሐሳብ አልለቅ ብላታለች።

በመጨረሻ የራሷን ሕግም የልጇንም ቃል ተላለፈች። ከሁሉ የምታንሰውን ነጭ ቆብ አወጣችና ቫለንቲና ብላ ጠለፈች። አየችው፤ አነሰባት። ፈታችው። ማቲልዳ አለች፤ ይኼ ደግሞ ጦርነቱን እንጂ ሕፃኗን አይመስልም። ፈታችው። ሻክቲም ተጠለፈ፣ ሻክቲም ተፈታ። ጨርቁ በመርፌ ተበሳስቶ ሳሳ። ከዚያ የአገሩ ሰው ሁሉ ትርጉሙን የሚያውቀውን፣ ማንንም የማያስጠይቀውን ቃል ጠለፈች፤ በርቺ።

ሮጣ ወስዳ ለነርሷ ሰጠቻት። ነርሷ ቆቡን ለሕፃኗ አጠለቀችላት፤ ስም የወጣላት መስሏትም ሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ካርድ «በርቺ» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ብረቷ ግድግዳ እየተደገፈች ልጇን ልታይ መጣች። ካርዱን አነበበች። ቆቡን አየች። እናቷ እዚያው እየተንቆራጠጠች ነበር።

«እማዬ፣ ምጡ ሲጀምረኝ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሥራ ላይ። ትሪ እያነሳሁ። ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ሲቆርጠኝ ዋለ። አጠገቤ የምትሠራዋ ልጅ ፊትሽ ምን ሆነ ስትለኝ ምንም አልሆንኩም አልኳት። ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ሐኪሙ ቶሎ ብትመጪ ኖሮ ምጡን ልናቆመው እንችል ነበር አለኝ። ለምን ዝም አልሽ ሲለኝ ምን ልበለው? ስሜ ነው ልበለው?»

መርፌ አፏን ከፈተች። «ላይችል አይሰጥም» የሚለው ተረት ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

«አሁን ደግሞ ትንፋሽ ያጠራትን ልጅ በርቺ ትያታለሽ» አለች ብረቷ። «ትንሽ መድከም እንኳ አይፈቀድላትም?»

ዘመኗን ሙሉ አላርፍ ያለው እግር ቀጥ ብሎ ቆመ። መርፌ ያየችው ያንን የለቅሶ ቀን ነው፤ ውሃ የምታዞር ልጅ፣ ትሪው በእጇ ሲንቀጠቀጥ። ያን ጊዜም አይታዋለች። አይታ ነው «አያችኋት ልጄን?» ያለችው።

«አልቅሺ፣ ልጄ» አለቻት።

«አይመጣልኝም» አለች ብረቷ። «ረስቼዋለሁ መሰለኝ።»

ለቅሶው የመጣው ለመርፌ ነው። ሰው መሀል፣ ነርሶች እያዩአት፣ ነጠላዋን እንኳ ፊቷ ላይ ሳታደርግ አለቀሰች። «እኔ ነኝ ያስረሳሁሽ» አለች። ብረቷ እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ግንባሯን እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗ ግን እንደ ደረቀ ነው።

«ሲስተር፣ ካርዱን ሰርዢው» አለች መርፌ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ስም የማወጣው እኔ አይደለሁም።»

ቆቡንም አስወልቃ ሱቋ ወሰደችው። በርቺን ልትፈታ ስትል የሳሳው ጨርቅ ተተረተረ። ሌላ ሰፋች፤ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ በጭንቅ ነበር የሚሄደው። ሕፃኗ አንድ ቀን ደህና ትሆናለች፣ በማግስቱ ሐኪሞቹ ይሯሯጣሉ። እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተጋሩ፤ መርፌ ልትነሳ ስትል ብረቷ እጇን ጉልበቷ ላይ ታሳርፍባታለች። አንድ ጠዋት ከውስጥ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ ተሰማ። ነርሷ በሩን ከፍታ «የእናንተዋ ናት» አለች። ብረቷ ተነሳች፤ በሩ ጋ ሳትደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና፣ የተረሳው ሁሉ ባንዴ መጣ። የአባቷ ለቅሶ ጭምር ይመስለኛል።

ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ብረቷ ሕፃኗን ታቅፋ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ልጅቷ መንገዱን በጩኸት አናወጠችው። አንዲት አላፊ «አባብሏት እንጂ» ብትል፣ መርፌ «ተያት፣ ታልቅስ» ብላ መለሰችላት።

ብረቷ ነጩን ቆብ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጥለፊልኝ» አለች፤ ስሙንም ነገረቻት።

አጭር ስም ነው። መርፌ ሰምታው አታውቅም። ከየት አገር ይምጣ፣ የኃይል ይሁን የአበባ፣ አታውቅም። ጥያቄው ከንፈሯ ላይ ደርሷል፤ ብረቷም እየጠበቀችው እንደሆነ ፊቷ ያስታውቃል።

መርፌ ያንን የማትቀመጥበትን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ክሩ ምን ቀለም ይሁን?» አለቻት።