ኳሷ መስመሩን ነክታ ነበር

ይህን ታሪክ እልፍ ጊዜ አውርቼዋለሁ። በሠርግ አውርቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን አውርቼዋለሁ። በሬዲዮ አውርቼዋለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አውርቼላቸው፣ በመስቀላቸው አፋቸውን ከልለው ሲስቁ አይቻለሁ። እውነቱን ግን እስከ ዛሬ ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። በመሀል ካሳቅኳችሁ አትመኑኝ፤ እኔ ሰው የሚስቅልኝ ስዋሽ ነው።

ጌታቸው እባላለሁ፤ የኮልፌ ልጅ፣ የብሔራዊ የሜዳ ቴኒስ ቡድን አምበል የነበርኩ ሰው ነኝ። እዚያ የደረስኩት የሌላ ሰው ቦታ ይዤ ነው። ያ ሰው አክሊሉ ነው። በአንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ከ18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ በነበረ የመጋዘን ግድግዳ ላይ ኳስ እያነጠርን ራኬት መያዝ የተማርነውም አብረን ነው። እሱ በእጁ ይጫወታል፣ እኔ በአፌ። በአፍ ኳስ መምታት ቢቻል ኖሮ የዓለም ዋንጫ ሁሉ ኮልፌ በገባ ነበር።

ሁለታችንም አንድ ክለብ ገባን። ለብሔራዊ ቡድኑ አንድ ቦታ ሲቀር፣ ያሸነፈ ይግባ ተብሎ እኔና እሱ ተጋጠምን። ዳኛ አልነበረም። እንዲህ ባለ ግጥሚያ በአንተ በኩል ላረፈችው ኳስ ዳኛው አንተው ነህ። ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ ኳስ ስታርፍበት ምልክት ትታ ትነሳለች። ያልተስማማ ተጋጣሚ መረቡን ዞሮ ይመጣና ምልክቷን ያያል። ሕጉ ይኸው ነው። ይሉኝታ ላለው ሰው የወጣ ሕግ ነው።

አክሊሉ አንድ ነጥብ ካገኘ አሸናፊ ነበር። የመታት ኳስ በስተኋላዬ ጥግ ላይ አረፈች። አየኋት። ከእኔ በቀር በቅርብ ያያት የለም። የምልክቷ ግማሽ ቀዩ አፈር ላይ፣ ግማሹ የኖራው መስመር ላይ ነበር፤ መስመር የነካች ኳስ ደግሞ አልወጣችም። አየኋትና «አውት!» ብዬ ጮህኩ።

አክሊሉ ሊያይ መምጣት ጀመረ። እኔ ምን አደረግሁ? ወገቤን ያዝኩና እንደ ደከመ ሽማግሌ እያነከስኩ ምልክቷ ላይ ተመላለስኩ። ተመልካቹ ሳቀልኝ። በሳቁ መሀል በጫማዬ አጠፋኋት።

«ጌች፣ የታለች?» አለኝ ሲደርስ። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው።

እኔ ግን ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ መለስኩለት። «ኧረ ባክህ! እናትህ ከቆሼ መነጽር ለቅማ ታምጣልህ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። የአክሊሉ እናት፣ እማማ ብዙነሽ፣ ቆሼ ከሚጣለው ቆሻሻ ውስጥ የሚሸጥ የሚሸጠውን እየለዩ ነበር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ክለቡ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አክሊሉ «እናቴ ነጋዴ ናት» ይል ነበር፤ እንዳላጋልጠው የለመነኝም ራሱ ነው። ለነጥብ ስል አጋለጥኩት። ለአንዲት ነጥብ!

አልተሳደበም። አልመታኝም። ፊቱን አዙሮ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የመታው ኳስ ሁሉ መረቡ ላይ ቀረ። እኔ አሸነፍኩ። አሸነፍኩ ይባላል? እሱ ከዚያ ቀን በኋላ ራኬት አልያዘም። ዛሬ ከአየር ጤና ቤቴል ታክሲ ይነዳል።

እኔማ የአገሬን ቀለም ቱታ ለብሼ በአውሮፕላን ተመላለስኩ። ከተሸነፍኩባቸው አገሮች ብዛት የተነሳ ካርታ ሲዘረጋ አንገቴን እደፋለሁ። ቢሆንም አምበል ተባልኩ። አምበል ሆኜ ወጣቶቹ ፊት ቆምኩና ስለ ጨዋነት ሰበክሁ። አንዱ ኳስ ሲክድ ካየሁ እንደ አንበሳ አገሳበት ነበር። ማንን ነበር የምቆጣው?

ያን ቀን ደግሞ ቀልድ አደረግሁት። በእኔ አፍ ኳሷ መጀመሪያ በጣት ወጣች፤ ቆይታ በስንዝር። ዓመታት ሲያልፉ አጥር ዘለለች፣ ታክሲ ተሳፈረች፣ ቤቴል ወረደች። የመነጽሩን ነገርም ጨምሬ አወራለሁ፤ ያለ እሱ ሳቁ አይደምቅማ! ያን ሁሉ የማጋንነው ለምን ነበር? ኳሷን ባራቅኋት ቁጥር እኔ ከዚያች የኖራ ጠርዝ የራቅሁ ይመስለኝ ነበር።

አምበልነቱን ያስረከብኩ ሰሞን አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ጋበዘኝ። እዚያም ደገምኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ አየር ጤና ታክሲ ይዤ ጋቢና ስገባ ሹፌሩ አክሊሉ ሆኖ አገኘሁት።

«ዘንድሮስ ኳሷ ርቃ ሄደች» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ልስቅ ስል፣ «እማዬ ሰማችህ» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«ምንም። ስምህ ሲጠራ ደስ ብሏት ሬዲዮኑን አስጮኸችው። አንተ ስትጨርስ ራሷ ተነስታ ዘጋችው።»

ታክሲውን ዳር እያስያዘ፣ «ኳሷ መስመሩን እንደነካች ያን ቀንም አውቅ ነበር። እሷን ትቼልሃለሁ። እናቴን ግን አልተውኩልህም» አለኝ።

ረዳቱ «ቤቴል፣ መጨረሻ!» ብሎ በሩን ከፈተው። ወረድኩ።

እሑድ ጠዋት እማማ ብዙነሽ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸው ላይ ጠርሙስ የቆረጠው ጠባሳ ተደራርቧል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ «ጌትዬ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እማማ፣ ያ ነገር እኮ ቀልድ ነው» የሚል ሆነ። ይታያችሁ! ይቅርታ ልለምን ሄጄ የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነበር።

«መቀለድህንማ ሰማሁ» አሉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እናትህ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ያን ክረምት በሙሉ እኛ ቤት ስትከርም፣ የምትበላው ከየት የሚመጣ ይመስልህ ነበር?»

አልተቆጡም። የእውነት መልሱን የፈለጉ ያህል ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ለእሳቸው ያልተናገርኩትን ይኸው ለእናንተ ጻፍኩት። ምልክቷን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። የአክሊሉን ቦታ የወሰድኩ እኔ ነኝ። እማማ ብዙነሽን በአደባባይ መሳቂያ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ወጣትነት ነው አልልም፤ በቅርቡ በሬዲዮ ያወራሁት ሸበቶ ሆኜ ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ያን ታሪክ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትሳቁለት፤ «ጌታቸው ራሱ ውሸት ነው ብሏል» በሉት።

የሚመጣው እሑድ ተመልሼ ወደ እማማ ብዙነሽ እሄዳለሁ። ለጥያቄያቸው መልስ አጥቼ አይደለም የወጣሁት። ያኔም እየጎረስኩ አውቀው ነበር።