ሽንኩርት የከለከልኳቸው አባወራ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ባለ አንድ ሆስፒታል ታይፒስት ሆኜ ስሠራ ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ሽንኩርት ደግሞ በየቀኑ ይከተፋል።

ሥራዬ ሐኪሙ በቴፕ የቀዱትን እየሰማሁ መጻፍ ነበር። ሐኪሙ ፈረንጅ ናቸው። የሕመምተኛውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይናገሩና መጨረሻ ላይ ቤቱ ገብቶ ሊጠነቀቅ የሚገባውን በራሳቸው አማርኛ ይጨምራሉ። «መራመድ አለ። ከባድ ሸክም የለም።» አማርኛቸው እንዲህ ነበር። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ለሕመምተኛው ይሰጣል፤ በየከተማው ክሊኒክ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር አንብቦ ያስረዳዋል።

አለቃችን አቶ ጌታነህ ወረቀታችንን ወደ መስኮት አንስተው በብርሃን ያዩታል። የተፋቀ ፊደል ካገኙ ሰው ሁሉ እያየ ቀደው «እንደገና» ይላሉ። አንድ ቀን ያልገባኝን ቃል ሐኪሙን ልጠይቅ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ መለሱኝ።

«አንቺ የተቀጠርሽው በጣትሽ ነው። ማሰቡን ለሐኪሙ ተዪው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሰብ ተውኩ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከበደኝም።

አንድ ቀን ኦቦ ነገራ የሚባሉ፣ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉ የዲጋ ገበሬ ቴፕ ደረሰኝ። ሐኪሙ «ከባድ ሸክም የለም፣ እርሻ ለጊዜው የለም» ካሉ በኋላ ቴፑ ተንኮሻኮሸ። በር የተከፈተ መሰለኝ። ቀጥሎ «ሽንኩርት የለም። ምንም ሽንኩርት የለም» አሉ።

ጣቶቼ ቆሙ። ሽንኩርት ከኦፕራሲዮን ጋር ምን አገናኘው? ቀና ስል አቶ ጌታነህን አየሁና ጻፍኩት። እንዲያውም «ምንም» የሚለውን እንዲያምር አሰመርኩበት።

ያ ገጽ አንድም የተፋቀ ፊደል አልነበረበትም። አቶ ጌታነህ በብርሃን አገላብጠው አዩትና «ሥራ ማለት ይህ ነው» ብለው ለሌሎቹ አሳዩ። ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ኦቦ ነገራ ቢሯችን መጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወረቀቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ? ሌላ ጻፊልኝ። ማኅተም ያለበት ይሁን።»

ልጃቸው ጉቴ ከተማ ላለ አንድ ልጅ ታጭታለች። የልጁ ቤተሰቦች ጋብዘዋቸው ሄደው፣ ወጡ ሽንኩርት ስላለበት እጃቸውን ሳይሰዱ ተነሡ። ሐኪም ከልክሎኝ ነው ቢሉ ማን ይመን? ቤታችንን ተጸይፎ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹም እጮኝነቱ ይፍረስ ማለት ጀምረዋል።

«ባለቤቴም ለብቻዬ መጣድ ሰልችቷት አኩርፋለች» አሉኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? «አስታውሰዋለሁ፣ ትክክል ነው» ብዬ ከበፊቱ ያማረ አድርጌ ጻፍኩላቸው። አቶ ጌታነህ ለፊርማ ወሰዱት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ሽንኩርት ማን ከለከለ?» አሉ። ቴፑን ፈልጌ አሰማኋቸው። አዳምጠው ግንባራቸውን ያዙ።

«ይህ ለወጥ ቤት ነው። ለእኔ ምሳ። ቴፕ አልዘጋሁም።»

አቶ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?» አሉኝ። ተባረርኩ ብዬ ቦርሳዬን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ኦቦ ነገራ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው ዛሬ መብላት እችላለሁ?» አሉ።

ሐኪሙ «ጥፋት የእኔ ነው» አሉ። ለአቶ ጌታነህም «ልጅቷ ትጠይቅ። በር ክፍት ነው» አሏቸው። ከዚያም በሆስፒታሉ ላንድሮቨር ከኦቦ ነገራ ጋር ወደ ጉቴ ላኩኝ፤ ነገሩን ያበላሸው ወረቀት ስለሆነ ሰው ሄዶ ያስረዳ ብለው ነው።

ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ በኦሮምኛ ተናገርኩ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር እንጂ ይቅርታ ለመጠየቅ አልተማርኩትም። የልጁ እናት ሳይስቁ ሰሙኝና ጠየቁኝ፦

«ሽንኩርት ቁስል ይጎዳል ብለሽ አምነሽ ነው?»

«አላመንኩም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

ብዙ የሚባል ነገር ነበር። እኔ ግን ያልኩት «ጽሑፉ ግን በጣም ንጹሕ ነበር» ነው።

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ነገራ ናቸው። ከዚያ እናትየው፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ በር ላይ የቆሙት ሁሉ። ሳቁ ሳይበርድ ምግብ ቀረበ፤ ኦቦ ነገራም ትሪው እስኪታይ በሉ። ሰርጉ በቀጠሮው ተደረገ።

ያ ሳቅ ዛሬም ይሰማኛል። በፊት ፊቴ ይቀላ ነበር፤ አሁን አያሳፍረኝም። ልጅቷን የዳራት እሱ ነው።