ከ‹ኤል› በኋላ ያሉ ቃላት

ወጣት ሳለሁ ሞጆ ውስጥ የጭነት መኪና እያራገፍኩ ነበር የምኖረው። ስለዚያ ዘመን ብዙ ማውራት አልወድም፤ ይቺን ግን ልንገራችሁ።

አዳማ ያለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ጸሐፊ ፈልጎ ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ሥራውን ካጣሁ ወደ ጆንያ ሸክሜ መመለሴ ነው። ከፊቴ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያሉት ኮስታራ ሴት ሥራ አስኪያጇ ናቸው።

«‹ሃፒ› ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር የሚመሳሰሉ ቃላት ንገረን» አሉኝ።

«ቺርፉል፣ ዲላይትድ፣ ግላድ፣ ጆሊ፣ ጆይፉል» አልኩና ቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ!»

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? «መዝገበ ቃላቴ ‹ኤል› ፊደል ላይ ያልቃል። እዚህ አዳማ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ሰውዬ፣ ለወፍራም መጽሐፍ ገዢ ሲያጡ ለሁለት ሰንጥቀው ይሸጡታል። እኔ የገዛሁት የፊተኛውን ግማሽ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። ሥራ አስኪያጇ ግን አልሳቁም።

«ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያሉት ሽማግሌ? በዳቦ ቢላዋ የሚሰነጥቁት?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

መነጽራቸውን አወለቁና እንደ ተማሪ በቃላቸው ያወርዱት ጀመር፤ «ሜሪ፣ ፕሊዝድ፣ ትሪልድ…»

«እነዚህማ ከ‹ኤል› በኋላ ያሉት ናቸው!» አልኩ።

«የኋለኛውን ግማሽ የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰኞ ሥራ ስትጀምር ያንተን ይዘህልኝ ና። ‹ሃፒ› የሚለውን ቃል ራሱን እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁትም።»