ጠበል ያልተረጨበት ምንጭ

ጣሊያንን ማመስገን አልወድም። አባቴን የገደለ እሱ ነው። ግን ምንጫችንን ያጸዳውም እሱ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይህ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ጣሊያኖቹ ከቤታችን በላይ ምሽግ ሠርተው ተቀመጡ። ከሥሩ ያለችው ምንጫችን ከብቱ የሚገባባት፣ ልብስ የሚታጠብባት፣ እኛም የምንጠጣት ነበረች። ወታደሮቹ ለራሳቸው ሲሉ ዙሪያዋን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብተው ከደኗት፤ ውሃው በቱቦ ይወርድ ጀመር። እንዳንቀዳ አልከለከሉንም። የከለከልነው እኛው ራሳችን ነን። "የመናፍቅ እጅ ነክቶታል፤ ጠበል ሳይረጭበት አይጠጣም" ተባለ። ቄሱ ደግሞ ጠመንጃ በተደገነበት ቦታ መስቀል ይዘው ለመሄድ ፈሩ። አልፈርድባቸውም፤ ማን አልፈራም? እኛም ኩልል ያለውን ውሃ እያለፍን ከብት ከሚያቦካው ወንዝ መቅዳት ያዝን።

በዚያው ክረምት የሦስት ዓመት እህቴን ተቅማጥ ያዛት። ዓይኗ ጎደጎደ፤ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣች። እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን የወንዙ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሰለቸኝና ከቱቦው ቀድቼ ገባሁ። ለእህቴ አስቤ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ስንፍና ነው። እናቴ ውሃውን አይታ "ከየት አገኘሽው እንዲህ የጠራ?" አለችኝ።

"ከወንዙ ዳር ጉድጓድ ምሼ፣ የጠለለውን ነው እምዬ።"

"እሰይ የኔ ጎበዝ!"

ተመሰገንኩና በየቀኑ ከዚያው ቀዳሁ። በሳምንቱ እህቴ ተነሥታ ተቀመጠች፤ ቂጣ ለመነች። እናቴ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። እንደ ልጅ ሁሉ እኔም ልቆርብ ነው፤ ውሸት በሆዴ ይዤ መቁረብ አስፈራኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

አልመታችኝም። እንስራውን አውጥታ ደጅ ደፋችው። "አባትሽን የገደለ እጅ የነካውን ልጄ አትጠጣም! እመቤቴ ታድናታለች" ብላ ራሷ ወደ ወንዝ ወረደች።

ተቅማጡ ተመለሰ። ጾሙ ሳይፈታ እህቴን ቀበርናት። እኔ ነጭ ለብሼ ቆርቤአለሁ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ። እውነቱን የተናገርኩት እኔ፣ የመሸባት ግን እሷ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጣሊያን ሲወጣ ቄሱ መጥተው ምንጯ ላይ ጠበል ረጩ። መንደሩ ሁሉ በእልልታ ቀዳ። እናቴም እንስራዋን ሞልታ ገባች፤ በቅል ጨልፋ ተጎነጨች፤ ሳትውጠው ብዙ ቆየች።

"ያው ነው" አለች በመጨረሻ። "ያን ሳምንት የጠጣነው ነው።"

ቅሉን አስቀመጠችና አየችኝ።

"ምነው ያን ጊዜ ባልነገርሽኝ፣ ልጄ።"