የዌንደል ፔንሄል ዘላይ

ኦክቶበር 11 ቀን 1996፣ ዌንደል ፔንሄል የሞተ ዕለት፣ በማዕድን ከተማዋ ቢዩት ባለው ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ የእንጨት መወጣጫ ሁለተኛ እግሩ በምስማር ሳይመታ ቀረ። ምስማሩ አጠገቡ ነው። ባለቤቱ ሎርና እስካሁን አላነሳችውም።

መወጣጫው የተሠራው ለአሻንጉሊት ነበር፤ ነጭ ለብሶ ሞተር ብስክሌት ላይ ለተቀመጠ የፕላስቲክ ሰው። አምሳያው የከተማው ልጅ ነው፤ መኪኖችን በሞተር እየዘለለ አጥንቱን የጨረሰው ዝነኛ። የማስነሻውን መዘውር በእጅ ሲያሽከረክሩት ይጮኻል፣ ሲለቁት አሻንጉሊቱ ይፈተለካል። በየዓመቱ ጡረታ የወጡት ማዕድን ቆፋሪዎች በማኅበራቸው አዳራሽ አሮጌ ዘላዮቻቸውን ሥጋ ተሞልተው በተደረደሩ ቂጣዎች ላይ ያዘልላሉ። ያሸነፈው አሻንጉሊት እስከ ከርሞ የመጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይነግሣል። ዌንደል ከዚህ ሌላ ክብር አልተመኘም። የእሱ ዘላይ ግን በየዓመቱ መወጣጫው ግርጌ ሲደርስ ቀጥ ይል ነበር።

"ያንተ ሰውዬ ሊዘል ነው ወይስ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣው?" ይለው ነበር ጎረቤቱ ቶይቮ ላክሶ።

"ብርዱ ነው፤ ሞተሩ አልሞቀም።"

"ፕላስቲክ ነው እኮ፣ አንተ!"

ጥፋቱ የእጁ ነበር። ዌንደል ዕድሜውን ሙሉ የማዕድን ጉድጓድ አሳንሰር ነጂ ነበር፤ አርባ ሰው ጭኖ ወደ ምድር ሆድ ሲያወርድ የማንም ቆብ አይነቃነቅም ነበር። መዘውር በያዘ ቁጥር ቀስ የሚለው ያ እጁ ይመጣበታል።

"ሰው የጫንክ ነው የምትመስለው" አለችው ሎርና።

"ቢኖርበትስ?"

በመጨረሻው ውድድር እንደ ልማዱ ቀስ እያለ ሲያዞር፣ ሃያ ዓመት በእሱ አሳንሰር የወረደው ቶይቮ ታግሶ ታግሶ ፈነዳ፦

"ዌንደል! ሁላችንም ወጥተናል! ባዶ ነው፣ ልቀቀው!"

ዌንደል አዳራሹን ዞር ብሎ አየ። ያወረዳቸው ሁሉ ወንበራቸው ላይ አሉ። መዘውሩን እንደ እብድ አሽከረከረው። ዘላዩ ቂጣዎቹን አለፈ፣ ዳኛውን አለፈ፣ ሊያዩ ከመጡት ቄስ ፊት ካለው የስጎ ሳህን ውስጥ ዘጭ አለ።

"ወደቀ!" አለ ዳኛው።

"ኧረ ቆሟል" አሉ ቄሱ፣ ቅንድባቸውን እየጠረጉ። "ከእኔ በላይ ማን አየ?"

አሸነፈ። ለከርሞ ደግሞ ከፍ ያለ መወጣጫ ጀመረ።

በሞተባት በዚያች ዕለት የመወጣጫውን አንድ እግር መትቶ እንዳበቃ፣ ከቶይቮ ቤት የተዋሱት የቂጣ መጋገሪያ ትዝ አለው። "መጣሁ" ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። መጋገሪያውን በሁለት እጁ አግድም ይዞ፣ በረዶው ላይ እግሩን እየመረጠ መንገዱን ተሻገረ።

ቶይቮ በሩን ከፍቶ ሳቀ። "ምን ጭነህ ነው እንዲህ የምትጠነቀቀው? ባዶ አይደል እንዴ?"

"ባዶ ነው" አለ ዌንደል፣ ቀስ አድርጎ እያስረከበው።