ጸበሉና ጀሪካኑ

እማዬ ጠዋት ጸበል ሳትቀምስ አፏን በምንም አታሟሽም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ውሃ መመርመር ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሁለታችንም እዚሁ ፒያሳ አንድ ቤት ውስጥ ነን።

ባለፈው ክረምት ሆዷ አስቸገራት። ሐኪም በሰጣት መድኃኒት ሻል ይላትና ብዙም ሳይቆይ ይመለስባታል። ዓይኔን ጸበሏን የምታኖርበት ጀሪካን ላይ ጣልኩ።

«እማዬ፣ እስቲ አፍልተሽ ጠጪው።»

«ጸበል ይፈላል እንዴ? ሻይ ነው?» ብላ አኮረፈችኝ።

ይባስ ብላ የንስሐ አባታችንን ጠርታ ከሰሰችኝ። እሳቸው እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ «እስቲ ሥራሽን አስረጂኝ» አሉኝ። ውሃውን አጣርቼ፣ ሙቀት ባለው ሳጥን አሳድሬ፣ የበቀለ ተሕዋስ እንዳለ እንደማይ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ከምንጩም ከጀሪካኑም ውሰጂ» አሉ።

እማዬ ደነገጠች። «አባቴ! እግዜርን ሊፈታተኑት ነው?»

«እሱን አይደለም፤ ጀሪካንሽን ነው።»

ምንጩ ዘንድ ጠርሙሴን ይዤ ስጎነበስ ሳላስበው አማተብኩ። ስንት የወንዝና የቧንቧ ውሃ ቀድቻለሁ፤ እንዲህ ሆኜ ግን አላውቅም። ላብራቶሪ ስደርስ ለወሎዬዋ ባልደረባዬ ነገርኳት። «ታዲያ ምን ያስፈራሻል?» ብላ ሳቀችና «ቢስሚላህ» እያለች ናሙናዎቹን ሳጥኑ ውስጥ አስገባችልኝ።

የእኔ ሥራ የተገኘውን ማየት ነው እንጂ እንዲህ በሆነ ብሎ መመኘት አይደለም። ያን ቀን ግን አጥብቄ ተመኘሁ። «በልጅነቴ በዚያው ምንጭ ተጠምቄ ከትኩሳት ድኛለሁ» እያለች እማዬ አሁንም ታወራዋለች። ቆሽሾ ባገኘው ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በማግስቱ የናሙናዎቹን ክዳን ስከፍት የምንጩ ንጹሕ ነበር። የጀሪካኑ ግን ተሕዋስ በቅሎበት በቢጫ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ባልደረባዬን አቅፌ ዘለልኩ።

ውጤቱን ለእማዬ ነገርኳት። እሷም ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አዙራ ውስጡን ብታይ፣ ታቹ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይዟል። «ይሄን ነው ስጠጣ የከረምኩት?» ብላ ወዲያው ወጥታ እጅ አስገብተው የሚያጥቡት፣ አፈ ሰፊ ዕቃ ገዛች። ሆዷም ተረጋጋ። እሷ ጸበሉን አመሰገነች፣ እኔ እጥበቱን፤ አልተከራከርንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዕቃችሁን ሳታጥቡ ጸበል እንዳትቀዱ! ተመርምሮ ተደርሶበታል!» ብለው አወጁ። እማዬ እሷ የመረመረችው ይመስል ቀና ብላ ቆመች።

ስንወጣ ጠጋ ብዬ፣ «አባ፣ ምንጩ ቆሽሾ ቢገኝስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ጠርገን እናጥረው ነበራ! ሌላ ምን ልናደርግ?» አሉኝና ሰርግ ተጠርተው ስለነበር ቁልቁል ገሰገሱ።