ቫይታሚን ያልኳት ዱቄት

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ጅጅጋ ውስጥ ነው። ሂና የተቀባ እጅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እስከ ዛሬ ከአንድ ሐኪም በቀር ለሰው ተንፍሼው አላውቅም።

የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ጅጅጋ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁና፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ማርባት ጀመርኩ። የምታግዘኝ ሆዳን የምትባል የሰፈራችን ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ታበላለች፣ ከሰዓት በኋላ ለሙሽሮች ሂና ትስላለች። ጣቷማ ጉድ ነበር! ለሠርግ ከቱሊ ጉሌድ ድረስ እየመጡ ይወስዷት ነበር።

እኔ ደግሞ አገሬ ሳለሁ ከአንዳንድ አርቢዎች ያየሁትን አመል ይዤ መጥቻለሁ። ዶሮዎቹ ታመሙም አልታመሙ በየቀኑ ውሃቸው ላይ ቢጫ ዱቄት እጨምራለሁ። ቴትራሳይክሊን ነው፤ ለሰውም የሚታዘዝ፣ የለየለት የባክቴሪያ መድኃኒት። መጠኑ? በዓይኔ! ለሆዳን ግን "ቫይታሚን ነው" አልኳት። መድኃኒት መሆኑን ካወቀች ለእንቁላል ገዢዎቼ ታወራለች ብዬ ፈርቼ ነው። እሷም አምናኝ በባዶ እጇ ታማስለው ነበር።

አንድ ቀን የዶሮ ቤቱ ሽቦ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ጫራት። በማግስቱ አበጠ። ሐኪም ቤት ሂጂ አልኳት? የለም! ያንኑ ዱቄት ቁስሉ ላይ ነስንሼ በጨርቅ አሰርኩላት።

"አባዮ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን እጇ እስከ አንጓዋ ቀላ፤ ትኩሳትም ያዛት። በባጃጅ ይዣት ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሙ ሥራዋን ጠይቆ ዶሮ ቤት መሆኑን ሲሰማ፣ "ለዶሮዎቹ መድኃኒት ትሰጣላችሁ እንዴ?" አለ።

ሆዳን ቀደመችኝ። "ኧረ ዶክተር፣ ቫይታሚን ብቻ ነው!"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። "አዎ፣ ቫይታሚን ነው" አልኩ።

ያዘዘላትን እንክብል ስገዛ ስሙን አነበብኩ። ቴትራሳይክሊን! ያው የእኔ ዱቄት። ተመልሼ ልንገረው አልኩ፤ ደግሞ ምን ይለኛል አልኩና ወደ ቤት ሄድኩ። እሷ እንክብሉን በሰዓቱ እየዋጠች፣ እኔ እየተሳቀቅኩ አራት ቀን ሞላን። ጣቷ ጠቆረ።

ያን ጊዜ ብቻዬን ሐኪሙ ጋ ሮጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። "ቁስሏ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ይህን መድኃኒት ለምዶታል፤ አይገድለውም። የለመደውም እናንተ ዶሮ ቤት ሳይሆን አይቀርም" አለ። "የመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ሌላ አዝዝላት ነበር።" ከዚያ፣ "ለእሷ ራስሽ ንገሪያት" አለኝ።

መድኃኒቱ ተቀየረ። እጇ ተረፈ፤ ጣቷ ግን ተቆረጠ።

ዱቄቱን ጥያለሁ፤ በኋላ ዶሮውንም ተውኩት። ለሆዳን ግን አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው የጎረቤት ልጅ ስትዳር አገኘኋት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ሂና ታቦካለች፤ የሚስሉት ሌሎች ናቸው። ሙሽሪት የሆዳንን ቆራጣ ጣት አይታ ምን እንዳገኛት ጠየቀቻት። "ሽቦ ነው የቆረጠኝ" አለች ሆዳን። ከዚያ ወደ እኔ እያሳየች፣ "እሷ ባትደርስልኝ እኮ እጄም አብሮ ይሄድ ነበር" አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ መረቁኝ።

እኔም፣ አያድርስ ነው፣ "አሜን" አልኩ!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ይኸው ጻፍኩት። እሱንም ቢሆን ሆዳን አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ ነው።